ማሽኑ ነው ወይስ እግሬ?

የተንጠለጠለ እግርን በኮረንቲ የሚያነሳው ማሽን የመጣው ከቨርጂኒያ ነው፤ በዘመድ ሻንጣ፣ ከቫይታሚንና ከስኒከር መሀል ተጠቅልሎ። የላከችው የአንድ ታካሚዬ፣ የአባባ፣ ልጅ ናት። አባቷ ቀኝ እግራቸው መንጠልጠል ከጀመረ አምስት ወር ሆኖታል። በቪዲዮ ሲራመዱ ታያቸዋለች፤ ጉልበታቸውን ከፍ አድርገው ያነሳሉ፣ የእግራቸው ጣት ግን ወደ መሬት እንዳዘቀዘቀ ይቀራል፣ ሲያሳርፉት ጠፍ ይላል። እሷ ባለችበት አገር ደግሞ ስትሮክ የመታቸው ሰዎች ከጉልበታቸው በታች ቀበቶ መሳይ ነገር አስረው እግራቸው ሳይጎተት ሲሄዱ አይታለች። ዋጋው ስለከበዳት ቀለል ያለውን ዓይነት ገዛች፦ ኪስ የሚገባ ሳጥን፣ ኮረንቲውን የሚያስተላልፉ ቆዳ ላይ የሚለጠፉ ሁለት ፓዶች፣ ጫማ ውስጥ የሚገባ የተረከዝ ስዊች። «አባዬ፣ መድኃኒቱ ተገኘ» ብላ ላከችው።

ፓዶቹን ለጠፍን፤ ኮረንቲውን ከዜሮ ጀምረን ከፍ አደረግነው። 20 ሚሊአምፔር፣ 30፣ 40። «ይነዝረኛል» አሉ። 50፣ 60። ፊታቸው ተጨማደደ፤ እግራቸው ግን እንደተንጠለጠለ ነው። ፓዱን ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ላይ አንቀሳቀስነው። ምንም። ያኔ ቀና ብለው አዩኝና «ልጄ፣ የተበላሸው ማሽኑ ነው ወይስ እግሬ?» አሉ።

መልሱ አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ሁለቱን ፓዶች ነቅዬ ደህናው ግራ እግራቸው ላይ፣ እዚያው ቦታ ለጠፍኳቸው። 28 ላይ እግራቸው ብድግ አለ፤ ሸበጣቸው ወልቆ ወለሉ ላይ ወደቀ። ሳቁ። ከዚያ ወደ ቀኝ እግራቸው ዞር ብለው አዩና ዝም አሉ።

ይህ ጥያቄ እስካሁን ይከነክነኛል። መልሱ ከብዶኝ አይደለም። ካርቶኑ ከመከፈቱ በፊት እኔ ራሴ ልጠይቀው የሚገባኝ ጥያቄ ስለነበረ ነው።

መብራቱ የጠፋው ከየት ነው?

እግርን ከቁርጭምጭሚት ወደ ላይ የሚያነሳው ትእዛዝ በሁለት ሽቦ ይመጣል። የመጀመሪያው ከአንጎል ተነስቶ በአከርካሪ ውስጥ እስከ ወገብ አካባቢ ይወርዳል። ሁለተኛው ከዚያ ይረከብና በመቀመጫና በጭን ጀርባ ወርዶ፣ በጉልበት ውጫዊ ጎን ፊቡላ የሚባለውን ቀጭን አጥንት አንገት ዞሮ፣ የቅልጥም ፊት ጡንቻ ጋ ይደርሳል። ይህ ፔሮኒያል ነርቭ የምንለው ነው። ከሁለቱ የትኛውም ቢበጠስ ውጤቱ ከሩቅ ሲያዩት አንድ ይመስላል፤ እግር ይንጠለጠላል። ሐኪሙም «ፉት ድሮፕ» ብሎ በአንድ ስም ይጽፈዋል።

መብራት ሲጠፋ የምናደርገውን አስቡ። የጠፋው ከዋናው መስመር ከሆነ ጀነሬተር ሲያያዝ ቤቱ ይበራል፤ የቤቱ ሽቦ ደህና ነውና። የተቃጠለው የቤቱ ሽቦ ከሆነ ግን የፈለገውን ያህል ትልቅ ጀነሬተር ቢመጣ አምፖሉ አይበራም። ይህ ማሽን ጀነሬተር ነው። ጡንቻውን በቀጥታ የሚያንቀሳቅስ ይመስላል እንጂ የሚቀሰቅሰው ነርቩን ነው፤ ጡንቻውን የሚያኮማትረው ነርቩ ነው። አንዱ ምት የሚቆየው 300 ማይክሮሰከንድ አካባቢ፣ ማለትም ከአንድ ሺኛ ሰከንድ ያነሰ ነው። ነርቭ ይህን ይሰማል። ነርቡ የሞተበት ጡንቻ ግን አይሰማም፤ እሱን ለማኮማተር ከ10 ሚሊሰከንድ በላይ፣ ብዙ ጊዜም 100 እና ከዚያ በላይ የሚረዝም ምት ያስፈልጋል። ተራው ማሽን ይህን አይሰጥም። ኮረንቲውን ከ60 ወደ 90 ማሳደግ ቆዳን ከማሳመም በቀር ለውጥ የለውም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሉታል ይሄንን።

ስለዚህ ማሽኑ የሚሠራው ከላይኛው ሽቦ ለተጎዱት ነው፦ ስትሮክ፣ መልቲፕል ስክለሮሲስ፣ የጭንቅላት ጉዳት፣ ሙሉ በሙሉ ያልተቆረጠ የአከርካሪ ጉዳት፣ ሴሬብራል ፖልዚ። የማይሠራው ከታች ለተጎዱት ነው፤ እዚህ ላይ የእኛ አገር ዝርዝር ረዘም ይላል። ፖሊዮ አለ። የሥጋ ደዌ አለ፤ ፔሮኒያል ነርቭን የሚያጠቃው በትክክል ፊቡላ አንገት ላይ፣ ነርቩ ከቆዳ ሥር ቅርብ በሆነበት ቦታ ነው። መቀመጫ ላይ ያለቦታው የተወጋ መርፌ አለ። የወገብ ዲስክ አለ። የጠበቀ ጀሶ ወይም የወጌሻ ማሰሪያ፣ ረጅም ሰዓት ቁጢጥ ብሎ ማረም፣ እግርን አነባብሮ የመቀመጥ ልማድም አሉ። በሥጋ ደዌ ምክንያት እግሩ ለተንጠለጠለ ሰው ከኮረንቲ ይልቅ ቀዶ ሕክምና ነው ያለው፤ ወደ ውስጥ የሚስበውን የቲቢያሊስ ፖስቴሪየር ጅማት ወደ ፊት አምጥቶ የማንሳቱን ሥራ ማስያዝ። ጅማቱ በሌላ ነርቭ የሚታዘዝ ስለሆነ በሽታው አልነካውም።

በነገራችን ላይ ጓያ የሚያደርሰው ጉዳት ከላይኛው ወገን ነው፤ አከርካሪ ውስጥ ያለውን መስመር ይጎዳል፣ የታችኛው ነርቭ ይተርፋል። ከሽቦው አንጻር ማሽኑ ሊሠራ ይገባል ማለት ነው። ግን እነዚህን ሰዎች በጣታቸው የሚያስኬዳቸው በዋናነት የባት መወጠር እንጂ የፊተኛው ጡንቻ መድከም አይደለም፤ መጀመሪያ መታከም ያለበት ባቱ ነው።

አባባ ወደነበሩበት ልመለስ። የደም ግፊት አለባቸው። ታመው ሦስት ሳምንት ተኝተው፣ እጅግ ከስተው ሲነሱ ነው እግራቸው ያልታዘዛቸው። ሰፈሩ «ግፊት ነው የመታቸው» አለ፣ ቤተሰቡም ተቀበለ። ግን የከሳ ሰው በጀርባው ሲተኛ እግሩ ወደ ውጭ ይንከባለላል፤ ከጉልበት በታች ያለው ጉብታ ፍራሹ ወይም የአልጋው ብረት ላይ ያርፋል፤ ነርቩን የሚከልለው ስብ ደግሞ ቀልጧል። ቀን ከሌት ሲጫነው ነርቩ ይሞታል።

ይህን ለመለየት መሣሪያ አያስፈልግም፤ አካሄዳቸው ራሱ ተናግሯል። ስትሮክ የመታው ሰው ብዙ ጊዜ ጉልበቱ ስለሚገተር እግሩን ወደ ጎን እንደ ማጭድ አዙሮ ነው የሚያመጣው። ጉልበቱን እንደ ዶሮ ከፍ አድርጎ አንስቶ መሬቱን ጠፍ የሚያደርግ ሰው የታችኛው ነርቡ ይመረመር። ከዚያ እጅን መጠቀም ነው። እግሩን ድንገት ወደ ላይ ስትገፉት የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ የውስጥ እግሩን ስትጭሩት አውራ ጣቱ ወደ ላይ የሚነሳ ከሆነ ጉዳቱ ከላይ ነው። እግሩ ልል ከሆነ፣ የቅልጥሙ ፊት ከስቶ አጥንቱ ጎልቶ ከወጣ፣ የእግሩ ጀርባ ከደነዘዘ ጉዳቱ ከታች ነው። ከታች ከሆነ ደግሞ አንድ ጥያቄ ይቀራል፦ እግሩን ወደ ውስጥ ማዞር ይችላል? ከቻለ ችግሩ ጉልበት ጋ ያለው ፔሮኒያል ነርቭ ነው። ወደ ውስጥም ወደ ውጭም ካቃተው ወገቡን፣ አምስተኛውን የነርቭ ሥር ተጠራጠሩ። አባባ ወደ ውስጥ በደንብ ያዞራሉ።

ታዲያ «ይነዝረኛል» ያሉት ምንድነው? ለካ ያሳሳተን ይኸው ነው። ፓዱ ያረፈበትን ቆዳ ስሜት የሚሰጠው ቅርንጫፍ ከዋናው ነርቭ የሚለየው ከፊቡላ አንገት በላይ፣ ከጉልበት ጀርባ ነው። ጉዳቱ ከዚያ በታች ነውና እሱ ደህና ነው። ቆዳው ስለነዘረ ነርቩ አለ ብሎ መደምደም ስህተት ነው፤ መታየት ያለበት የጡንቻው ጅማት ነው፣ ቁርጭምጭሚት ፊት ለፊት ክር ሆኖ ብቅ ይላል ወይስ አይልም?

እዚህ ላይ ሁለት ጥንቃቄ አለ። ነርቭ በተቆረጠ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ከቁርጡ በታች ያለው ክፍል ገና አልሞተምና ለኮረንቲ ይመልሳል፤ ያኔ ተመርምሮ «ደህና ነው» የተባለ እግር በሁለተኛው ሳምንት ዝም ሊል ይችላል። በአንጻሩ ነርቩ ተጭኖ ለጊዜው ብቻ የታገደ ከሆነ ከእገዳው በታች ሲነካ ይመልሳል፤ ያ መልካም ዜና ነው። የአባባ ከአምስት ወር በኋላም አልመለሰም። ነርቭ ሲያድግ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ከፊቡላ አንገት እስከ ጡንቻው አስር ሴንቲ ሜትር ያህል ቢኖር ሦስት ወር ከምናምን ማለት ነው። ተስፋው አላለቀም፣ ግን ከጓዳ ማሽን ወጥቶ ወደ ነርቭ ምርመራ መሄድ ነበረበት። ላክናቸው።

አንድ ጣት ወደ ፊት

ማሽኑ ሥራ ፈትቶ አልቀረም። ልጃቸው ፈቅዳ ግራ ጎናቸውን ስትሮክ ወደመታቸው አንዲት እናት ሄደ። እሳቸው ጋ ሁለተኛውን ትምህርት አገኘሁ፤ ነርቩ በሕይወት ቢኖርም ውጤቱን የሚወስነው የፓዱ ቦታ ነው፣ ልዩነቱም የአንድ ጣት ስፋት ነው።

ሰውየው ወንበር ላይ ይቀመጥ፣ ጉልበቱ ትንሽ ታጥፎ፣ እግሩ ከመሬት ተነስቶ ይንጠልጠል። ጣታችሁን በጉልበቱ ውጫዊ ጎን ወደ ታች ስታወርዱት ጠንካራ ጉብታ ታገኛላችሁ፤ የፊቡላ ራስ ነው። ከጉብታው ሥር ወደ ኋላ ጠጋ ብላችሁ ጣታችሁን ስታንከባልሉ ቀጭን ገመድ ይሸሻችኋል። ነርቩ እሱ ነው። የኔጌቲቩ ፓድ እዚያ ላይ ይለጠፋል። ሁለተኛው አራት ጣት ያህል ወደ ታችና ወደ ፊት፣ ከቅልጥም አጥንት ውጭ ባለው ጡንቻ ሆድ ላይ። ለአዋቂ 5 በ5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፓድ ይበቃል፤ ለቀጭን እግርና ለልጅ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ክብ። ድግግሞሹ 40 ኸርዝ (በሰከንድ 40 ምት)፣ የምቱ ርዝመት ከ200 እስከ 350 ማይክሮሰከንድ። ኮረንቲው ከዜሮ ተነስቶ በ1 ወይም 2 ሚሊአምፔር ይጨመር። ብዙ ሰው ከ20 እስከ 60 ባለው ውስጥ ይገኛል።

መጀመሪያ ቆዳው ይነዝራል፣ ቀጥሎ ጣቶቹ ይላወሳሉ፣ ከዚያ እግር ይነሳል። የምንፈልገው ቀጥ ብሎ ተነስቶ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ወደ ውጭ ያዘነበለ እግር ነው። ወደ ውስጥ ከዞረ ሰውየው በውጫዊ ጠርዙ ያርፍና ቁርጭምጭሚቱ ይታጠፋል፤ ከመጎተት የባሰ አደጋ ነው። የኚህ እናት ግን ተቃራኒው ነበር። 34 ላይ እግራቸው ተነሳ፤ ትንሿ ጣት ወደ ላይ፣ አውራ ጣቷ ወደ ታች፣ መርገጫው ወደ ውጭ ተገልብጦ። ነርቩ እዚያ ቦታ ላይ ለሁለት ይከፈላል፤ ጥልቁ ቅርንጫፍ ያነሳል፣ ለቆዳ የቀረበው ወደ ውጭ ይገለብጣል። ኮረንቲው ለቆዳ የቀረበውን አብዝቶ አግኝቶታል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ኮረንቲ ይጨምራል፤ ሲጨምር ደግሞ ይብሳል።

ኮረንቲውን ወደ ዜሮ መልሰን የላይኛውን ፓድ አንድ ጣት ወደ ፊትና ወደ ታች ወሰድነው። 34 ላይ እንደገና። እግራቸው ቀጥ ብሎ ተነሳ፤ ወለሉ ላይ ቢያርፍ ተረከዙ ብቻ በሚነካበት ሁኔታ ላይ ቆመ። «ይሄ የኔ እግር ነው?» አሉ።

ይህ ካልበቃ ሌሎች መንገዶች አሉ። የታችኛውን ፓድ ወደ አጥንቱ ማስጠጋት ወደ ውጭ መገልበጡን ይቀንሳል፤ ከአጥንቱ ማራቅ ይጨምራል። ሁለቱን ገመዶች ማለዋወጥ፣ ማለትም ኔጌቲቩን ወደ ታች ማድረግ፣ ብዙ ጊዜ መገልበጡን ይቀንሰዋል። እግሩ በመነሳት ፈንታ ወደ ታች ከገፋ የላይኛው ፓድ ወደ ጉልበት ጀርባ ተጠግቶ የባቱን ነርቭ ነክቷል። እግር ሲነሳ ጉልበትና ዳሌ አብረው ከታጠፉ ሰውነቱ እሾህ እንደወጋው ሰው እየሸሸ ነው፤ ለአንዳንዱ ይህ ራሱ ለመራመድ ይጠቅመዋል፣ አይጣልም።

ቁጭ ብሎ የተሳካው ሲቆሙ የሚበላሽበት ምክንያትም አለ። ጉልበት ሲዘረጋ ቆዳው ከአጥንቱ ላይ ይንሸራተታል፤ ፓዱ ከቆዳው ጋር ይሄዳል፣ ነርቩ ግን ካለበት አይነቃነቅም። ስለዚህ ቁጭ ብሎ፣ ቆሞ፣ ተራምዶ፣ በሦስቱም መታየት አለበት። ትክክለኛው ቦታ ሲገኝ ፓዱን በእስክሪቢቶ ክበቡት፤ ፎቶም አንሱት። ነገ ጠዋት የሚለጥፈው የቤት ሰው ነው፣ እናንተ አይደላችሁም።

ስለ ቆዳ ትንሽ ልበል፤ ማሽኑን ብዙ ጊዜ ከአልጋ ሥር የሚያስቀረው ቆዳ ነው። ጠዋት እግርን ቫዝሊን መቀባት ልማዳችን ነው፤ ቅባት ያለበት ቆዳ ላይ ፓድ አይይዝም፣ ኮረንቲም አያልፍም። በውሃ ታጥቦ በደንብ ይድረቅ። ጸጉር በመቀስ ይከርከም፤ ምላጭ የማይታይ ጭረት ይተዋል፣ በጭረቱ ላይ ኮረንቲ ይሰበሰብና ያቃጥላል። ጠርዙ የተላጠ ወይም የደረቀ ፓድም እንደዚሁ ነው፤ ሰፊው ፓድ ወደ ጠባብ ነጥብ ይቀየራልና ሰውየው «ወጋኝ» ይላል። ማታ ፓዱ ወደ ፕላስቲኩ ይመለስ፤ ሲደርቅ ጠብታ ውሃ ያነሳዋል። ዕድሜው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ነው፤ አቧራ ባለበት ያነሰ። ፓድ ሲነሳ ቆዳው ቢቀላ እና በአንድ ሰዓት ውስጥ ቢጠፋ ግድ የለም፤ እስከ ነገ ከቆየ አቁሙ።

መጠኑስ? ኮረንቲ ጡንቻን የሚያዘው ሰውነት እንደሚያዘው አይደለም። ሰውነት ትናንሾቹን ክሮች አስቀድሞ፣ እያፈራረቀ ነው የሚያሠራቸው፤ ማሽኑ ግን ወፋፍራሞቹን የነርቭ ክሮች ቀድሞ ይቀሰቅሳል፣ ሁሉንም ባንድ ጊዜ። ወፋፍራሞቹ የሚያዙት ጡንቻ ቶሎ የሚደክመው ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት 15 ደቂቃ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ይበቃል፤ ከዚያ በየጥቂት ቀኑ እየተጨመረ በአንድ ወር ተኩል ገደማ ቀኑን ሙሉ ወደ መልበስ ይደረሳል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል ይህን ያሰቡ ባይሆኑም በትክክል ይገልጸዋል። በመጀመሪያው ቀን ደስ ብሏቸው ሁለት ሰዓት የሄዱ ሰዎች ማምሻውን እግራቸው ከበፊቱ የባሰ ሲጎተት አይተው «ጎዳኝ» ብለው ይጥሉታል።

ማሽኑን መጠቀም የሌለባቸው ሰዎችም አሉ፦ ልባቸው ላይ ፔስሜከር (የልብ ምት ማስተካከያ) ያለባቸው፣ የሚጥል በሽታቸው ያልተረጋጋ፣ እግራቸው ላይ የደም መርጋት ወይም ካንሰር ያለ፣ ቆዳቸው የቆሰለ። ነፍሰ ጡር ያለ ሐኪሟ ምክር አትጀምር። የአከርካሪ ጉዳታቸው ከስድስተኛው የደረት አከርካሪ አጥንት ጀምሮ ወደ ላይ የሆነ ሰዎች ላይ ኮረንቲው የደም ግፊትን ድንገት ሊሰቅል ስለሚችል ሐኪም ባለበት ይጀመር። መኪና እየነዱ መጠቀም የለም። ቁርጭምጭሚቱ በእጅ ተገፍቶም 90 ዲግሪ የማይደርስ እግር ላይ ደግሞ ማሽን ከመለጠፍ በፊት ባቱን ማሳሳብ ይቀድማል።

ሰዓቱን የማያውቅ ኮረንቲ

ገበያ ላይ የሚገኘው የሕመም ማስታገሻ ቴንስ ማሽን እግር ያነሳል ወይ ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። ቁጭ ብሎ ለሚደረግ ልምምድ፣ በየመሀሉ የሚያርፍ ፕሮግራም ካለው፣ ያነሳል። ለመራመድ ግን አይሆንም፤ መቼ መነሳት እንዳለበት አያውቅም።

እ.ኤ.አ. በ1961 ሊበርሰንና ባልደረቦቹ አሜሪካ ውስጥ ያሳተሙት ሐሳብ ውበቱ እዚህ ላይ ነው። ጫማ ውስጥ ከተረከዝ ሥር ስዊች አስቀመጡ። ተረከዝ ከመሬት ሲነሳ ማሽኑ ይበራል፣ ሲያርፍ ይጠፋል። ሃሳቡ እስከዛሬ ያው ነው። ጣት መሬትን የሚያልፈው ከአንድ እስከ ሁለት ሴንቲ ሜትር በማይሞላ ክፍተት ነው፤ እግር አየር ላይ የሚቆየው ደግሞ ከአንዱ እርምጃ ዑደት 40 በመቶ ያህሉን ነው። ኮረንቲው ትንሽ ከዘገየ ጣቱ ይደናቀፋል። ተረከዝ እንዳረፈ ወዲያው ከጠፋ እግሩ ጠፍ ይላል፤ ስለዚህ ካረፈ በኋላም ለአፍታ እንዲቆይ ይደረጋል።

አነሳሱ ላይ ከባድ ምርጫ አለ። ኮረንቲው በአንድ ጊዜ ከመጣ የተወጠረ ባት ይደነግጥና ተንቀጥቅጦ ወደ ታች ይመልሰዋል። በዝግታ እንዲመጣ ካደረጋችሁት ባቱ ይረጋጋል፣ ግን እግሩ ሳይነሳ እርምጃው ያልፋል። ከ0.2 ሰከንድ ጀምሬ ሰውየው ሲራመድ ጫማውን እያዳመጥኩ ነው የማስተካክለው፤ የጫማ አፍንጫ ሲፋቅ ድምፁ ይሰማል። ሁለቱ ካልታረቁ ችግሩ የማሽኑ አይደለም፤ ባቱ ጡንቻን የሚያላላ ቦቱሊነም የተባለ መርፌ ወይም ሌላ ሕክምና ይፈልጋል።

ብዙ ብልሽት የሚመጣው ከስዊቹ ነው። ገመዱ ቁርጭምጭሚት ጋ ታጥፎ ታጥፎ ውስጡ ይበጠሳል፤ ማሽኑ አንዴ ይሠራል አንዴ አይሠራም። ስዊቹ ወደ ፊት ከተንሸራተተ ዘግይቶ ያበራል። በተጎዳው እግር ተረከዙን ጨርሶ የማያሳርፍ ሰው ላይ ስዊቹ የሚነግረው ነገር የለም፤ ያኔ ወደ ደህናው እግር ይዛወርና የደህናው ተረከዝ ሲያርፍ የተጎዳው እንዲነሳ ይደረጋል። እና ደግሞ ጫማ። እቤት ስንገባ ጫማ እናወልቃለን፤ ቤተክርስቲያንና መስጊድም እንዲሁ። ሸበጥ ውስጥ ስዊች አይቀመጥም። እኚህ እናት ብዙ ጊዜ የሚወድቁት ውጭ ሳይሆን ከሳሎን ወደ ጓዳ ሲሄዱ ነበር፤ ስለዚህ ለቤት ብቻ የሚሆን ተረከዙ የተዘጋ ቀላል ጫማ አዘጋጀንላቸው። የቅልጥሙን ዘንበል ማለት የሚለኩት ማሽኖች፣ የካናዳው አልበርታ ዩኒቨርሲቲ ያፈለቀውን ዓይነት፣ ስዊች ስለማይፈልጉ በባዶ እግርም ይሠራሉ። ለእኛ ቤት የሚስማሙት እነሱ ነበሩ፤ ዋጋቸው ባይሆን።

ፕላስቲኩን የናቅነው ለምንድነው?

ከጫማ ውስጥ የሚገባው የፕላስቲክ ድጋፍ ቀላል ነገር ነው፤ በእግሩ ልክ በጀሶ ተቀርጾ ከፖሊፕሮፒሊን ይሠራል፣ ባትሪ የለውም፣ ፓድ አይፈልግም። ሰው ግን ማሽን ሲያይ ዓይኑ ይበራል፣ ፕላስቲክ ሲያይ ይከፋዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ፣ ስትሮክ የመታቸው 197 ሰዎች የተሳተፉበት የአሜሪካ ሙከራ ሁለቱን ለ30 ሳምንት አወዳድሯል። በሁለቱም ወገን የእርምጃ ፍጥነት ጨመረ፤ በመካከላቸው ልዩነት አልተገኘም። ማሽኑ የበለጠው በተጠቃሚዎቹ እርካታ ነው። ይህ ቀላል ብልጫ አይደለም፤ ሰው የወደደውን ይለብሳል። ግን ማሽን ያጣ ሰው ከመራመድ እንደቀረ አይቁጠረው።

ማሽኑ የተሻለ የሚሆነው ቁርጭምጭሚቱ ነፃ ሆኖ ዳገትና ደረጃ መውጣት ለሚፈልግ ሰው ነው፤ ፕላስቲኩ ቁርጭምጭሚትን ያስራል። ሌላም ነገር አለ። ሊበርሰን ራሱ አንዳንድ ታካሚዎች ከቆይታ በኋላ ማሽኑ ጠፍቶም እግራቸውን ማንሳት እንደጀመሩ ጽፏል። ይህን ዛሬም እናያለን፤ በሁሉም ላይ ግን አይደለም፣ ቃል የሚገባበትም ነገር አይደለም። እያንዳንዱ ምት ሲመጣ ሰውየው አብሮ ለማንሳት እንዲሞክር እነግረዋለሁ፤ ማሽኑን የሚያይ ሳይሆን አብሮት የሚሠራ ሰው የተሻለ ዕድል ያለው ይመስለኛል።

ለአባባ ፕላስቲኩ ተሠራላቸው። ሲለብሱት የመጀመሪያ ቃላቸው «ይሄማ የጃንሆይ ዘመን ነገር ነው» ነበር። ኮሪደሩን ሁለቴ ተመላለሱ፤ ጠፍ የሚለው ድምፅ የለም። ቅር ብሏቸው አወለቁት፣ ሲሄዱ ግን መልሰው አደረጉት። በሳምንቱ ልጃቸው ደወለች። ሌላ ማሽን ልላክ ወይ አለች። ማሽን አይደለም አልኳት። ለኚያ እናት 5 በ5 የሆነ ፓድ አራት ፓኬትና ሁለት ትርፍ የስዊች ገመድ፤ ሻንጣ ውስጥ እንዳይደርቅ ፓኬቱ ሳይከፈት። ለአባትሽ ጫማ፤ 42 የሚያደርጉ ከሆነ 43፣ ማሰሪያ ያለው፣ አፉ ሰፊ፣ የውስጥ ሶሉ የሚወጣ።